ስለ ፕራይመርና ስለ ጂን ንባብ መዝገብ አጠባበቅ

የአንድ አገር ጥበብ የሚለካው በገዛው መሣሪያ ብዛት ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው የሰጠውን ውጤት በሚገባ ጠብቆ፥ በስሙ ጠርቶ፥ በተፈለገበት ቀን አውጥቶ ለማሳየት በሚያስችለው ሥርዐት ጭምር ነው። «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ተብሎ የተነገረው የአባቶቻችን ቃል ለሸንጎና ለልብስ ብቻ የተነገረ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን የሕይወትን ረቂቅ ፊደል ለሚመረምሩት ላቦራቶሪዎች ከማናቸውም ይልቅ የሚስማማ ምክር ሆኖ እናገኘዋለን።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ ያሰብነው ነገር በእነዚህ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ስለሚሠራበት ስለ ፕራይመርና ስለ ጂን ንባብ መዝገብ ነው። ነገሩ የጥቂት ሊቃውንት የብቻቸው ሥራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በዚህ መዝገብ ላይ የሚደረገው ስሕተት ከላቦራቶሪው ደጃፍ ወጥቶ ወደ ሕመምተኛው አልጋ፥ ወደ ግዥው ሰነድና ወደ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ የሚደርስ ስለ ሆነ፥ ሹማምንትም መምህራንም ሊያውቁት የሚገባ ነው።

አስቀድመን የነገሩን መሠረት እንግለጽ። በሕያዋን ፍጥረታት ሕዋስ ውስጥ ዲኤንኤ የሚባል ረጅም ሐረግ አለ። ይህም ሐረግ አዴኒን፥ ታይሚን፥ ጓኒንና ሳይቶሲን በሚባሉ በአራት ነገሮች አሰላለፍ የሚለይ ሲሆን ሊቃውንቱ በአጭሩ ኤ፥ ቲ፥ ጂ፥ ሲ እያሉ ይጽፏቸዋል። ኤ ከቲ ጋራ፥ ጂ ከሲ ጋራ ይጣመራል። የእነዚህ ፊደላት አሰላለፍ ሲኴንስ ይባላል፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ የፊደል ተራ እንለዋለን። ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ የሐረጉን ቅርጽ በ1953 ገለጡ፤ ፍሬድሪክ ሳንገርም ፊደሉን ተራ በተራ የማንበቢያ ዘዴውን በ1977 አሳተመ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘመኑን ሁሉ የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ካሪ ሙሊስ የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ ደግሞ በ1983 ከረጅሙ ሐረግ ውስጥ የተፈለገውን አንዱን ክፍል ብቻ ለይቶ የማባዛትን ብልሀት አሰበ፤ ስለዚህም ሥራው በ1993 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ይህ ብልሀት ፒሲአር ይባላል። ፕራይመር የሚባለው ለዚህ ሥራ መነሻ የሚሆን፥ ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 25 ፊደል ያለው፥ በትእዛዝ የሚሠራ አጭር የዲኤንኤ ቍራጭ ነው። ሁለት ፕራይመሮች አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ሆነው የተፈለገውን ክፍል እንደ ድንበር ምልክት ይከልሉታል፤ ፖሊሜሬዝ የሚባለውም ኢንዛይም ከእነርሱ መጨረሻ ፊደል ተነሥቶ አዲሱን ሐረግ ይሠራል። በእያንዳንዱ ዙር ቍጥሩ እጥፍ ስለሚሆን፥ ሥራው ሳይጐድል ቢሄድ ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ሐረግ ከ1 ቢሊዮን በላይ ይሆናል።

እንግዲህ የምርመራው ሁሉ ታማኝነት በእነዚያ 20 በሚያህሉ ፊደላት ላይ የተመሠረተ መሆኑን አንባቢ ይመለከታል። ፕራይመሩ ከሚፈልገው ቦታ ጋራ በትክክል ከተጣመረ ያለውን አለ ይላል፤ ካልተጣመረ ግን ያለውን የለም ሊል ይችላል። በተለይም ኢንዛይሙ በሚነሣበት በመጨረሻው ጫፍ ላይ የሚገኝ ስሕተት በመካከል ከሚገኘው ይልቅ የከፋ ነው። የሙቀቱም ነገር እንዲሁ ነው። ለአጭር ፕራይመር የሚሠራበት ግምታዊ ሒሳብ ለእያንዳንዱ ኤና ቲ 2 ዲግሪ፥ ለእያንዳንዱ ጂና ሲ 4 ዲግሪ ይቈጥራል፤ ከኤና ከቲ 9፥ ከጂና ከሲ 9 ፊደል ያለው ፕራይመር 54 ዲግሪ ይሆናል ማለት ነው። በመዝገብ ላይ አንዱ ፊደል ቢጐድል ወይም ቢለወጥ ሒሳቡም አብሮ ይለወጣል፤ ውጤቱም አብሮ ሊበላሽ ይችላል።

ይህ ጥበብ ሲጀመር የታወቀው የፊደል ተራ ጥቂት ስለ ነበረ በአንድ መጽሐፍ ይጠቃለል ነበር። ማርጋሬት ዴይሆፍ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦችዋ ጋራ በ1965 ያሳተመችው የፕሮቲኖች መዝገብ የ65 ፕሮቲኖችን ተራ የያዘ ነበረ። በ1982 ጂንባንክ የሚባለው የአሜሪካ መዝገብ ቤት ተቋቋመ፤ ከአውሮፓና ከጃፓን መዝገብ ቤቶችም ጋራ የተቀበለውን እየተለዋወጠ ይሠራል። በ1990 ብላስት የሚባለው ፕሮግራም ወጣ፤ ይህም አንድ የፊደል ተራ ቢሰጡት በመዝገብ ቤቱ ውስጥ የሚመስለውን ፈልጎ የሚያመለክት ነው። አሠራሩ በ2000 ታትሞ የተገለጠው ፕራይመር3 ደግሞ ለተሰጠው የፊደል ተራ የሚስማሙትን ፕራይመሮች ሙቀታቸውን አስልቶ ይመርጣል።

ከነዚህም ሌላ ስናፕጂን፥ ጂኒየስና ቤንችሊንግ የሚባሉ፥ የአንድን ላቦራቶሪ የፊደል ተራና የፕራይመር መዝገብ በአንድነት የሚይዙ ፕሮግራሞች አሉ። ፕራይመሩ በረጅሙ ሐረግ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ በሥዕል ያሳያሉ። አዲስ የፊደል ተራ ሲመጣ፥ አስቀድሞ ከተመዘገቡት ፕራይመሮች የትኛው እንደሚጣመረው ፈልገው ይናገራሉ። ስለዚህ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው ፕራይመር ተረስቶ ሁለተኛ ጊዜ ገንዘብ እንዳይወጣበት፥ ወይም አንዱ በሁለት ስም ተጽፎ እንዳያሳስት ይረዳሉ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው።

ሆኖም ፕሮግራም የሰጡትን ይጠብቃል እንጂ ያልሰጡትን አይፈጥርም። ፕራይመሩ ከየትኛው ጽሑፍ እንደ ተወሰደ፥ በየትኛው የፊደል ተራ ላይ እንደ ተነደፈ፥ ማን እንደ ሞከረው፥ በየትኛው ናሙና ላይ አልሠራም እንዳለ ሰው ካልጻፈለት ፕሮግራሙ ከወዴት ያመጣዋል? እንዲያውም ያልተጠነቀቁለት ፕሮግራም በእጁ የተሰጠውን እውነት ሊያበላሽ ይችላል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ምሳሌ እንስጥ። ብዙ ላቦራቶሪዎች የጂኖችንና የፕራይመሮችን ስም የሚይዙት ለሒሳብ በተሠራው በኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። «ሴፕት2» ወይም «ማርች1» የሚል የጂን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በዚህ ሠንጠረዥ ሲጻፍ፥ ፕሮግራሙ የወር ስም መስሎት ወደ ቀን ይለውጠዋል። ይህ ጉዳት በ2004 በጽሑፍ ተገልጦ ነበር። ዳሩ ግን በ2016 የታተመ ጥናት በ18 መጽሔቶች የወጡትን የጂን ዝርዝር የያዙ አባሪ ሠንጠረዦች ቢመረምር፥ እንዲህ ያለ አባሪ ካላቸው ጽሑፎች ከአምስቱ አንዱ ያህል ይኸው ስሕተት ተገኘበት። በመጨረሻም የሰውን ጂኖች ስም የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ስሞቹን ራሳቸውን ለመለወጥ ተገደደ፤ አዲሱንም ደንብ በ2020 አስታወቀ። የሠንጠረዡ ባለቤት የሆነው ኩባንያ ይህን ለውጥ መከልከያ ምርጫ ያወጣው በ2023 ነው። ስሕተቱ ከታወቀበት እስከዚያ ድረስ 19 ዓመት መሆኑ ነው። መሣሪያው ለሰው መታዘዝ ሲገባው ሰው ለመሣሪያው ሲታዘዝ ይህን ያህል ዘመን አለፈ።

ሁለተኛው ምሳሌ የአንድ ፊደል ነገር ነው። በ2020 መጀመሪያ የኮሮና ቫይረስ በተነሣ ጊዜ፥ በበርሊን የሚገኘው የሻሪቴ ሆስፒታል ሊቃውንት በጥቂት ቀን ውስጥ የፒሲአር መመርመሪያ አዘጋጅተው ለዓለም ሁሉ ሰጡ። ይህ ትጋታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ዳሩ ግን ለአንደኛው የቫይረሱ ክፍል ከተነደፉት ፕራይመሮች በአንዱ ላይ፥ በ12ኛው ቦታ «ጂ ወይም ሲ» ተብሎ የተጻፈው ፊደል ለአዲሱ ቫይረስ «ኤ» መሆን ይገባው እንደ ነበረ ሌሎች ሊቃውንት በዚያው ዓመት ጽፈው አመለከቱ። ፊደሉ የተነደፈው ለአዲሱ ቫይረስ ዘመዶች ከሆኑት፥ አስቀድሞ ከታወቁት ቫይረሶች ተራ ነበረ። የሌላው ክፍል መመርመሪያ ትክክል ስለ ነበረ ሥራው አልቆመም፤ የዚህኛው ግን ቫይረሱን የመያዝ ኀይሉ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ በንጽጽር ታየ። የሚገለበጥበት መጽሐፍ ግድፈት ካለበት ግድፈቱ ወደ ቅጂዎቹ ሁሉ እንደሚተላለፍ በብራና ሥራ ያደጉት አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ላቦራቶሪም የሌላውን ፕራይመር ሲገለብጥ ከምንጩ ጋራ ማስተያየት አለበት፤ ጥንቃቄው በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ሦስተኛውን ምሳሌ ከመጽሔቶች እናገኛለን። የአውስትራሊያዋ ጄኒፈር በርንና የፈረንሳዩ ሲሪል ላቤ ከባልደረቦቻቸው ጋራ በጽሑፎች ውስጥ የተጠቀሱትን የፊደል ተራዎች ከመዝገብ ቤቱ ጋራ የሚያስተያይ ፕሮግራም አዘጋጁ። በ2022 በታተመው ጥናት 11,799 ጽሑፎች ተመርምረው፥ በ712 ጽሑፎች ውስጥ ቢያንስ አንዱ የፊደል ተራ የተባለውን ጂን ሳይሆን ሌላውን የሚያመለክት፥ ወይም ከምንም ጋራ የማይገናኝ ሆኖ ተገኘ። እነዚህን ጽሑፎች አምኖ ፕራይመሩን የሚያዝዝ ላቦራቶሪ ገንዘቡንና ድካሙን በከንቱ ያወጣል። ከዚህም የከፋው ያገኘውን ሐሰት እንደ እውነት አድርጎ ለሌላው ማስተላለፉ ነው።

መዝገቡ በሚገባ የተጠበቀ እንደ ሆነ ግን የመመርመሪያው መሳት ስንኳ ትምህርት ይሆናል። በ2020 መጨረሻ በእንግሊዝ አገር ሦስት የቫይረሱን ክፍሎች ለየብቻ በሚፈልግ መመርመሪያ ሲሠራ፥ ሁለቱ ቫይረሱ አለ ሲሉ ሦስተኛው የለም የሚልባቸው ናሙናዎች በዙ። ሠራተኞቹ ሦስተኛው መመርመሪያ በየትኛው ክፍል ላይ እንደሚያርፍ ያውቁ ነበር፤ የቫይረሱንም የፊደል ተራ በብዛት እያነበቡ ያስቀምጡ ነበር። ሁለቱን መዝገብ ቢያስተያዩ፥ ኋላ አልፋ የተባለው አዲሱ ዐይነት በዚያ ስፍራ ስድስት ፊደላት የጐደሉት መሆኑን ተረዱ። ስለዚህ የአንዱ ክፍል ዝምታ የአዲሱ ዐይነት መከታተያ ምልክት ሆኖ አገለገለ። መዝገብ ባይኖር ኖሮ ይህ ነገር የመሣሪያ ብልሽት ተብሎ በታለፈ ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ነገር እንመለስ፤ ይህ ጕዳይ በእኛም ዘንድ የሚያሳስብ ነውና። በየጤና ጣቢያው የወባ በሽታን ለመመርመር የሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያ ብዙው ኤችአርፒ2 የሚባለውን የወባ ተሐዋሲ ፕሮቲን የሚፈልግ ሆኖ ቈይቷል። ይህን ፕሮቲን የሚያወጣው ጂን የጠፋበት ተሐዋሲ ሲመጣ፥ ሕመምተኛው በወባ እየነደደ መመርመሪያው ወባ የለብህም ሊለው ይችላል። በ2021 የታተመ ጥናት ኢትዮጵያ ከኤርትራ፥ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን ጋራ በምትዋሰንባቸው ስፍራዎች በ12,572 ሰዎች ላይ ተደርጎ፥ ፋልሲፋረም ከሚባለው የወባ ዐይነት በሽተኞች መካከል 9.7 በመቶ የሚሆኑት በዚህ ጂን መጥፋት ምክንያት መመርመሪያው የሚስታቸው መሆናቸውን ገለጠ። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ እንዲህ ያለው ስሕተት ከ5 በመቶ ሲበልጥ አገሩ መመርመሪያውን እንዲለውጥ ይመክራል።

እንግዲህ ሹማምንት ልብ ሊሉት የሚገባው ነገር እዚህ ላይ ነው። ጂኑ መጥፋቱ በፒሲአር የሚታወቀው ባለመባዛቱ ነው። ነገር ግን ያለመባዛት ሦስት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ አንደኛው ጂኑ በእውነት መጥፋቱ ነው፤ ሁለተኛው ናሙናው መበላሸቱ ወይም ማነሱ ነው፤ ሦስተኛው ፕራይመሩ የተሳሳተ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከዚያው ናሙና ሌላ ጂን ሲባዛ ሳይታይ ጂኑ ጠፍቷል ተብሎ አይፈረድም። ያልነው ጥናትም በፒሲአር ብቻ ሳይወሰን ፕሮቲኑን በሌላ ዘዴ በመለካትና ጂኑን በማንበብ ነገሩን አጽንቷል። የ5 በመቶ ወሰን የመላው አገር ግዥ የሚመዘንበት ሚዛን ነውና፥ ከሚዛኑ በላይ ወይም በታች መሆናችንን የሚነግረን የላቦራቶሪ መዝገብ በሁለት በኩል ሊያስት ይችላል። ያልጠፋውን ጠፋ ቢል የመንግሥት ገንዘብ በከንቱ ይወጣል፤ የጠፋውን አልጠፋም ቢል የሰው ሕይወት ይጠፋል።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ጽሕፈት ሥራ ያዘገያል፤ ለፕሮግራም የሚከፈልም ገንዘብ የለንም» ይሉ ይሆናል። ስለ ገንዘቡ የሚሰጠው መልስ ቀላል ነው። ብላስትና ፕራይመር3 ያለ ዋጋ የሚሠራባቸው ናቸው፤ ያለ ዋጋ የሚገኙ የፊደል ተራ መመልከቻ ፕሮግራሞችም አሉ። ስለ መዘግየቱ ግን እውነት አላቸው፤ አንድን ፕራይመር ከነታሪኩ ለመመዝገብ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ዳሩ ግን ታሪኩ ያልተጻፈ ፕራይመር ሳይሠራ በቀረ ቀን ምክንያቱን ለመፈለግ የሚባክነው ጊዜ ከዚያ ጋራ የሚወዳደር አይደለም። ሥራውን የሠራው ተማሪ ተመርቆ የሄደ፥ ወይም ባለሙያው ወደ ሌላ ቦታ የተዛወረ እንደ ሆነ፥ በጠርሙሱ ላይ «አዲሱ ወባ 2» የሚል ጽሕፈት ብቻ ያገኘ ተተኪ ከማን ይጠይቃል?

ስለዚህ እያንዳንዱ ላቦራቶሪ ሊጠብቀው የሚገባውን ሥርዐት በአጭሩ እናመለክታለን። ለእያንዳንዱ ፕራይመር አንድ ቋሚ ቍጥር ይሰጠው፤ ፕራይመሩ ቢጣልም ቍጥሩ ለሌላ አይሰጥ። ፊደሉ ሁልጊዜ ኢንዛይሙ በሚሠራበት አቅጣጫ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይጻፍ፤ ለሌላ ሥራ የተጨመረበት ጅራት ካለ ከሚጣመረው ክፍል ተለይቶ ይታወቅ። የተገለበጠ ከሆነ የተወሰደበት ጽሑፍ ይመዝገብ፤ ፊደሉም በእጅ ሳይተየብ ከምንጩ እንዳለ ይወሰድ፤ ከትእዛዙም በፊት በብላስት ይፈተን።

የተነደፈበት የፊደል ተራ ቍጥር ከነእትሙ ይጻፍ። የኮሮና ቫይረስ ማመሳከሪያ የሆነው 29,903 ፊደል ያለው ተራ «ኤንሲ_045512.2» ተብሎ ይጠራል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው 2 የእትሙ ቍጥር ነው፤ ይህ ቍጥር ከቀረ በየትኛው እትም እንደ ተሠራ አይታወቅም። ፕራይመሩ የተሞከረበት ቀን፥ የሞካሪው ስም፥ ሙቀቱና ውጤቱ ይጻፍ፤ ያልሠራበትም ሙከራ ከሠራበት ባልተናነሰ ይመዝገብ። ተሐዋስያን ፊደላቸውን ስለሚለውጡ፥ ለበሽታ ምርመራ የሚያገለግሉት ፕራይመሮች አዲስ ከተነበቡት የፊደል ተራዎች ጋራ በየተወሰነው ጊዜ ይተያዩ።

የጂን ስም በሠንጠረዥ የሚጻፍ ቢሆን ዐምዱ ሁሉ አስቀድሞ እንደ ጽሑፍ እንዲቈጠር ይታዘዝ። በኩባንያ ፕሮግራም የተያዘው መዝገብ ደግሞ ፋስታና ጂንባንክ በሚባሉት በማናቸውም ፕሮግራም ሊነበቡ በሚችሉት አጻጻፎች ተገልብጦ በሁለት ስፍራ ይቀመጥ። ፋስታ የፊደሉን ተራ ከነስሙ ይይዛል፤ ጂንባንክ ደግሞ ምልክቶቹንና ማብራሪያውን ይጨምራል። የፕሮግራሙ ክፍያ ባለቀ ጊዜ የአገር መዝገብ አብሮ እንዳይዘጋ የሚጠብቀው ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ደንብ ጽፎ በግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ብቻውን አይበቃም። ጠባቂ የሌለው መዝገብ የማንም ነው። ለመድኀኒት ግምጃ ቤት ተጠያቂ እንዳለው ሁሉ፥ ለፊደል ተራውና ለፕራይመሩ መዝገብም ስሙ የታወቀ፥ የሥራ ሰዓት የተመደበለትና ሲዛወር ለተተኪው በፊርማ የሚያስረክብ አንድ ሰው ሊኖር ይገባል። ለማሽን መግዣ ብዙ ገንዘብ ተመድቦ ለመዝገብ ጠባቂው ደመወዝ ሳይታሰብ ቢቀር፥ ማሽኑ የሚያወጣውን ውጤት ማን ይሰበስበዋል?

እንግዲህ የላቦራቶሪ አለቆች መዝገባቸውን ዛሬውኑ እንዲመለከቱት፥ ታሪኩ ያልታወቀውን ፕራይመር ከሚታመነው ለይተው እንዲያስቀምጡት እንመክራለን። በጀት የሚፈቅዱትም ሹማምንት ለአዲስ ማሽን መግዣ የቀረበውን ጥያቄ ከመፈረማቸው በፊት «የእስከ ዛሬው መዝገባችሁ የት አለ? ጠባቂውስ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ይህን የሚመልስ ላቦራቶሪ የሚሰጠውን ገንዘብ በሥራ ላይ ያውለዋል፤ የሚናገረውም ውጤት ለሕመምተኛው፥ ለሐኪሙና ለመንግሥቱ የታመነ ምስክር ይሆናል።